ሕግ ልማር ወይስ ይቅርብኝ? ከመወሰን በፊት የሚሠሩ የቤት ሥራዎች

ክርክር የሚወድ ልጅ ሁሉ አንድ ቀን "አንተማ ጠበቃ ነው መሆን ያለብህ" መባሉ አይቀርም። ምርቃት ይመስላል። ብዙ ሰው ግን በዚህች አንዲት አባባል ተገፍቶ ዓመታትና ብዙ ገንዘብ የሚበላ ትምህርት ውስጥ ይገባል። የሕግ ሥራ ከአፍ ይልቅ የዓይንና የእጅ ሥራ መሆኑ የሚገለጥለት ከገባ በኋላ ነው። ማንበብ፣ መጻፍ፣ የጻፉትን መልሶ መሰረዝ። አንድም ቀን ችሎት ፊት ሳይቆሙ ጡረታ የሚወጡ የሕግ ባለሙያዎች ሞልተዋል።

ስለዚህ እዚህ "ሕግ ጥሩ ሙያ ነው ወይ?" እያልን አንደክምም። ለአንዱ ጥሩ ነው፣ ለሌላው መከራ። የሚጠቅሙት ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው። የዕለት ሥራውን እችለዋለሁ? እወደዋለሁስ? ልገባበት ያሰብኩት በር ስንቱን ያስገባል፣ ስንቱንስ ደጅ ያስቀራል? ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መመዝገብ አያስፈልግም። ጥቂት ሳምንታት፣ ወረቀትና እስክሪብቶ፣ ሰው ለመጠየቅ የማያፍር ፊት ይበቃል።

1. ምክንያታችሁን ጻፉ፣ ከዚያ አብዛኛውን ሰርዙ

"ሕግ መማር የምፈልገው…" ብላችሁ ጀምሩና የመጣላችሁን ሁሉ ዘርዝሩ። ለማንም አታሳዩት፤ ካሳያችሁት መዋሸት ትጀምራላችሁ።

ከጨረሳችሁ በኋላ ለሐኪምነትም፣ ለኢንጂነርነትም፣ ለሂሳብ ባለሙያነትም የሚሆነውን ምክንያት ሁሉ ሰርዙ። ክብር አለው? ሰርዙ። ገንዘብ ያስገኛል? ሰርዙ። ቤተሰብ ደስ ይለዋል? እሱንም። የተረፈውን እዩ። ምንም ካልተረፈ ሕግ አልመረጣችሁም ማለት ነው። የመረጣችሁት "የተከበረ ሥራ" የሚባል ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ በሌላ መንገድም ይገኛል።

"ፍትሕ ስለምወድ" የምትል መስመር ከተረፈች አንድ ጥያቄ ጨምሩባት፦ የማን ፍትሕ? ጠበቃ ዳኛ አይደለም። የሚቆመው ለመጣለት ደንበኛ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ችሎት ላይ የሚከራከሩ ጠበቆች፣ ወረፋ ላይ እንደቆመ ታክሲ የመጣውን ተሳፋሪ ጫን የሚል ደንብ አለባቸው። ጉዳዩ በሙያቸው ከሆነ፣ ጊዜ ካላቸውና ተገቢው ክፍያ ከቀረበ "ሰውዬው አስጠላኝ" ብለው መመለስ አይችሉም። ይህ ደንብ በሌለበት አገርም ቢሆን ሥራው አንዳንዴ የማትወዱትን ሰው ወክላችሁ በሙሉ ልብ እንድትሠሩ ያስገድዳል። ተከሳሹ ጥፋተኛ ሊሆን እንደሚችል እያሰባችሁ፣ ማስረጃው በቂ አይደለም ብላችሁ ለመከራከር ሆዳችሁ ይችላል? አልችልም ማለት ነውር አይደለም። ብቻ አሁን እወቁት።

"ሌላ ምን እንደምማር ስለማላውቅ" የሚለውን ከጻፋችሁ ደግሞ፣ ቀሪውን ሳታነቡ አንድ ዓመት ሥራ ሥሩ። እውነቴን ነው።

2. ሥራውን ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ሞክሩት

ይህ ከሁሉም የሚበልጥ ፈተና ነው። ወጪውም ባዶ ነው። የሚከተለውን የኪራይ ውል አንቀጽ ውሰዱ፦

«ተከራይ ቤቱን ለመልቀቅ ሲፈልግ ከ30 ቀን በፊት ለአከራይ ማሳወቅ አለበት።»

ግልጽ ይመስላል አይደል? እስኪ አብረነው እንቀመጥ። 30 ቀን ሲል ቅዳሜና እሑድ ይቆጠራሉ? ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ደብዳቤው ሲጻፍ ነው፣ ሲላክ ነው ወይስ አከራዩ እጅ ሲገባ? በስልክ ቢነግረውስ፣ አሳወቀ ይባላል? ቤቱ የባልና ሚስት ከሆነ ለአንዳቸው መንገር ይበቃል? ተከራዩ በ20 ቀን ቢያሳውቅ የጎደለውን የ10 ቀን ኪራይ ይከፍላል፣ የሙሉ ወር ይከፍላል ወይስ መያዣውን ያጣል? እለቃለሁ ካለ በኋላ ሐሳቡን ቢቀይርና አከራዩ ቤቱን ለሌላ ሰው ቃል ገብቶ ቢሆንስ? አከራዩ ራሱ ተከራዩን ማስወጣት ሲፈልግ ይህ አንቀጽ ያስረዋል ወይስ አይመለከተውም?

አሁን አንቀጹን እንደገና ጻፉት። መስፈርቱ ሁለት ነው። ጠብ የሚፈልግ ሰው እንዳያጣምመው ይሁን፣ ሕግ ያልተማረ ተከራይም አንብቦ ይግባው። አንዱን ስታሟሉ ሌላው ያመልጣችኋል። በማግስቱ የጻፋችሁትን አውጡና የተቃራኒ ወገን ጠበቃ ሆናችሁ አንብቡት። ቀዳዳ ታገኛላችሁ። ድፈኑት። ድፋኑ ራሱ ሌላ ቀዳዳ ይከፍታል።

የጻፋችሁት ማማሩ እዚህ ጋ ብዙ ቁም ነገር የለውም። ስትጽፉት ምን ተሰማችሁ? ሰዓቱ ሳይታወቃችሁ ከነጎደ፣ ሻወር ቤት ገብታችሁም "ለካ ይሄም አለ" ካላችሁ፣ ደህና ምልክት ነው። "ይሄ ነገር ማክረር ነው፣ ሰው ተስማምቶ አይኖርም እንዴ?" ብላችሁ ከተማረራችሁም ምልክት ነው። ጥሩ ሰው ናችሁ፤ ግን ይህን ለሠላሳ ዓመት መሥራት ይከብዳችኋል።

ቀጥሎ ሙሉ የፍርድ ውሳኔ አግኙ። ብዙ ፍርድ ቤቶች ውሳኔያቸውን ያሳትማሉ ወይም ኢንተርኔት ላይ ያወጣሉ። ረዘም ያለውን ምረጡና በአንድ ገጽ አሳጥሩት። ምን ተፈጠረ? ፍርድ ቤቱ የመለሰው ጥያቄ ምን ነበር? ማን ረታ? ለምን? በመጨረሻ ይህችን ጨምሩ፦ የትኛው ፍሬ ነገር ቢቀየር ውጤቱ ይገለበጥ ነበር? የሕግ ትምህርት ቤት አስተማሪ ክፍል ውስጥ የሚያፋጥጠው በዚህች ጥያቄ ነው። አንድ የቤተሰብ፣ አንድ የንግድ፣ አንድ የወንጀል ጉዳይ ብትሞክሩ የትኛው እንደሚስባችሁና የትኛው እንደሚያንቀላፋችሁ ይለያል።

ዓይን አፋር የሆናችሁ ደግሞ ስለ ጋንዲ ስሙ። በ1891 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ላይ የጥብቅና ማዕረጉን አግኝቶ አገሩ ተመለሰ። ቦምቤይ ውስጥ ባገኛት የመጀመሪያ ትንሽ ጉዳይ፣ ምስክር ለመጠየቅ ተነሥቶ ቃል አልወጣ አለው። ተቀመጠ፣ ጉዳዩንም ለሌላ አስተላለፈ። በ1893 ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በነጋዴዎች የሂሳብ ክርክር ውስጥ ሲገባ ግን የሂሳብ መዝገብ አያያዝ ሳይቀር ተማረ፣ የወገኑን ጉዳይ ከሥሩ አወቀው። ከዚያ ሁለቱን ወገኖች አግባብቶ በግልግል እንዲጨርሱ አደረገ። አፈ ቅቤ መሆን የግድ አይደለም፤ መዝገብ ሲያዩ መሸሽ ግን አያዋጣም።

3. የሚሠሩትን ሰዎች ሄዳችሁ እዩ

ፍርድ ቤቶች በአብዛኛው ለሕዝብ ክፍት ናቸው። አንድ ሙሉ ቀን ተቀመጡ። ጋዜጣ የሚያወራለትን ትልቅ ወንጀል አትምረጡ፤ ተራ የፍትሐ ብሔር ችሎት ግቡ። የምታዩት ጥበቃ ነው። ያልቀረበ ምስክር፣ ያልተያያዘ ሰነድ፣ አንድ ደቂቃ የፈጀ ክርክር፣ ከዚያ ሌላ ቀጠሮ። ለዕረፍት ሲወጣ ኮሪደሩን ተከተሉ። ሁለት ጠበቆች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "በዚህ ብንጨርሰውስ?" ሲባባሉ ካያችሁ፣ ውስጥ ካያችሁት ይልቅ ወደ እውነተኛው ሥራ ተጠግታችኋል። ብዙ ጉዳይ ፍርድ ሳይደርስ በስምምነት ያልቃል።

ከዚያ ሰው አነጋግሩ። ሥራ ከጀመረ ጥቂት ዓመት የሆነው አንድ፣ የቆየ አንድ፣ ጥሎ የወጣ አንድ። ሦስተኛውን አትዝለሉት፤ በጣም የሚያስተምረው እሱ ነው።

"ሥራህን ትወደዋለህ?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም "አዎ፣ ፈታኝ ቢሆንም…" ይላችኋል። ይልቅ "ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ስትሠራ ዋልክ?" በሉ። ሰው ስለ ማክሰኞ መዋሸት ይከብደዋል። ለመጨረሻ ጊዜ እንቅልፍ የነሣችሁ ጉዳይ ምን ነበር? ደንበኛ የሚያመጣላችሁ ማን ነው? ልጃችሁ ሕግ ልማር ቢል ምን ትሉታላችሁ? እነዚህም ጥሩ ናቸው።

ትልልቅ የጥብቅና ድርጅቶችን የምትመኙ ከሆነ ስለ ሰዓት ጠይቁ። በብዙዎቹ ቀኑ በ6 ደቂቃ ተከፋፍሎ ይመዘገባል። 6 ደቂቃ 0.1 ሰዓት ነው። የደንበኛ ኢሜይል አንብቦ መመለስ 0.2፣ ስልክ 0.3፣ ውል ማረም 2.4፤ እያንዳንዷ ተጽፋ ለደንበኛው ሂሳብ ይላካል። በትልልቅ የአሜሪካ ድርጅቶች ከአንድ ጠበቃ በዓመት 1,900 ወይም 2,000 ሰዓት መጠበቅ የተለመደ ነው። ምሳ፣ ሥልጠና፣ ስብሰባ፣ ከባልደረባ ጋር ማውራት አይቆጠርም። 2,000ን ለ50 ሳምንት ስታካፍሉት በሳምንት 40 የተጣራ ሰዓት ይመጣል። ያን ለማስመዝገብ ቢሮ ውስጥ ከ50 ሰዓት በላይ መቀመጥ የግድ ነው። ስለ ደመወዙ የሚያወሩ ሁሉ ይህን ስሌት አያነሡም።

4. ጠባቡ በር የት እንዳለ አግኙ

በየአገሩ መንገዱ ይለያያል፤ የሆነ ቦታ ላይ ግን ሁሉም ይጠባል። ማወቅ ያለባችሁ የት እንደሚጠብ ነው።

በአሜሪካ በተለመደው መንገድ መጀመሪያ በሌላ ትምህርት የ4 ዓመት ዲግሪ፣ ከዚያ 3 ዓመት የሕግ ትምህርት፣ ከዚያ የግዛቱ የጥብቅና ፈተና አለ። በእንግሊዝ ከ2021 ጀምሮ ባለው አሠራር ችሎት ከሚከራከሩት ውጭ ያሉት ጠበቆች በሁለት ክፍል የተከፈለ ፈተና ያልፋሉ፣ የ2 ዓመት የሥራ ልምድም ያሳያሉ። ችሎት ላይ መከራከር የሚፈልጉት ደግሞ በአንድ ነባር ጠበቃ ሥር ሆነው የሚሠሩት የልምምድ ቦታ ማግኘት አለባቸው። ብዙው ሰው ተንጠልጥሎ የሚቀረው እዚህ ነው፤ ኮርሱን ከፍለው ጨርሰው ቦታ የሚያጡ አሉ። በጀርመን ከዩኒቨርሲቲ በኋላ የመጀመሪያው የመንግሥት ፈተና፣ ወደ 2 ዓመት የሚጠጋ ልምምድ፣ ከዚያ ሁለተኛው ፈተና አለ። ደቡብ ኮሪያ በ2009 በጀመረችው ሥርዓት በ25 ትምህርት ቤቶች በዓመት 2,000 ያህል ተማሪ ብቻ ትቀበላለች፤ ከተመረቁ በኋላም የጥብቅና ፈተናውን መውሰድ የሚቻለው በ5 ዓመት ውስጥ 5 ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በሩ ይዘጋል።

በሩ መግቢያው ላይ ከጠበበ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ሳትከፍሉ ትመለሳላችሁ። ከምረቃ በኋላ የሚጠብ ከሆነ ግን ዓመታቱንም ገንዘቡንም ከበላ በኋላ ነው የሚመልሳችሁ። እንዲህ ዓይነት ሥርዓት ባለበት ቦታ የምትማሩ ከሆነ ምርመራችሁን እጥፍ አድርጉት።

ዳኛ መሆን የምትፈልጉም መንገዱን ቀድማችሁ እዩ። ፈረንሳይ ውስጥ በ1958 በተመሠረተውና ቦርዶ በሚገኘው የዳኞች ትምህርት ቤት በውድድር ገብቶ በወጣትነት ዳኛ መሆን ይቻላል። እንግሊዝን በመሰሉ አገሮች ግን ዳኝነት የሚመጣው ከብዙ ዓመት ጥብቅና በኋላ ነው፤ ያውም ከተመረጡ።

ሁለት ነገር ልጨምር። ሕግ ድንበር ላይ ይቆማል። የሰው ጉበት የትም አገር ያው ነው፤ የኪራይ ሕግ ግን አይደለም። ወደፊት አገር የመቀየር ሐሳብ ካላችሁ፣ እዚያ እንደገና መፈተን ወይም እንደገና መማር ሊኖር ይችላል። ሌላው፣ በብዙ ቦታ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት የአመልካቹ ጠባይ ይመረመራል። የቆየ ክስ፣ ፈተና ላይ የተገኘ ኩረጃ፣ የተደበቀ ዕዳ ሊነሣ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ሰውን የሚጥለው ጥፋቱ ሳይሆን መደበቁ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ካለባችሁ ፈቃድ ሰጪውን አካል አሁኑኑ ጠይቁ።

5. ሂሳቡን በራሳችሁ እጅ ሥሩ

"የጠበቃ አማካይ ደመወዝ" የሚል ቁጥር ስታዩ እለፉት። በአሜሪካ የአዲስ ተመራቂዎች ደመወዝ ግራፍ ላይ ሲቀመጥ ሁለት ጉብታ ነው የሚሠራው። አንዱ ጉብታ ትልልቆቹ ድርጅቶች ጋ ነው፤ እዚያ የመጀመሪያ ዓመት ጠበቃ በዓመት ከ200,000 ዶላር በላይ ያገኛል። ሌላው፣ ብዙ ሰው ያለበት ጉብታ ከዚህ ግማሽ በታች ላይ ነው። አማካዩ የሚያርፈው በሁለቱ መሃል፣ ማንም በሌለበት ሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ ራሳችሁን መሃል ላይ ካለው ተመራቂ ጋር አስተያዩ። ከበላዩ እሆናለሁ ብሎ የማያስብ ተማሪ የለም፤ ግማሾቹ ግን ከበታቹ ናቸው።

በምናብ ቁጥር እንሥራው። አሁን በዓመት 100 ታገኛላችሁ እንበል። ትምህርቱ 3 ዓመት ነው፣ በዓመት 60 ይጠይቃል፦ 180። በእነዚህ ዓመታት ያልሠራችሁት ደመወዝ 300። ጠቅላላ ዋጋው 480 ነው እንጂ 180 አይደለም። መሃል ላይ ያለው ተመራቂ 160 የሚያገኝ ከሆነ በዓመት ጭማሪያችሁ 60 ነው፤ 480ን ለመመለስ 8 ዓመት። ተመራቂው የሚያገኘው 130 ከሆነ 16 ዓመት። ወለድ፣ ግብርና አሁን ባላችሁበት ሥራ የምታገኙት ዕድገት ገና አልገባም። በ20ዎቹ ያለ ሰው 16 ዓመት ሊታገሥ ይችላል። በ45 ዓመቱ የሚጀምር ሰው ግን ይህን ቁጥር ፊት ለፊት ማየት አለበት።

ቁጥሮቹን ከትምህርት ቤቱ ጠይቁ። ከገቡት ስንቱ ተመረቁ? ከተመረቁት ስንቱ የጥብቅና ፈተናውን በመጀመሪያ ሙከራ አለፉ? ካለፉት ስንቱ የሕግ ፈቃድ የሚጠይቅ ቋሚ ሥራ አገኙ? የመጨረሻዋ ላይ ጠንክሩ፤ ካፌ ውስጥ የሚሠራ ተመራቂም "ሥራ የያዘ" ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ዕውቅና ያላቸው ትምህርት ቤቶች ተመራቂዎቻቸው ከ10 ወር ገደማ በኋላ ያሉበትን ሁኔታ እንዲያወጡ ይገደዳሉ። በሌላ ቦታ ደግሞ ከቅርብ ዓመታት ተመራቂዎች ጥቂቶቹን ራሳችሁ ፈልጋችሁ ጠይቁ። የትምህርት ቤቱ ሰው ለቁጥር ጥያቄ በሕንፃው ውበት ከመለሰላችሁ መልሱን ሰምታችኋል።

ዕዳን በተመለከተ የእኔ አቋም ጠንከር ያለ ነው። ድሆችን ላግዝ ብላችሁ የምትገቡ ከሆነ፣ የዚያ ሥራ ደመወዝ የማይከፍለውን ብድር አትውሰዱ። ዕዳው ራሱ ወደማትፈልጉት ቢሮ ይወስዳችኋል።

6. ጤናችሁን አስቡ

በ2016 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት 12,800 ገደማ የአሜሪካ ጠበቆችን ጠይቆ፣ ከአምስቱ አንዱ አስጊ የመጠጥ ልማድ እንዳለው፣ 28 በመቶው ደግሞ የድባቴ ምልክት እንደሚታይበት አገኘ። የመጠጡ ችግር የባሰው በሙያው የመጀመሪያ 10 ዓመት ውስጥ ባሉት ላይ ነበር።

ምክንያቱ ለሥራው ቅርብ ለሆነ ሰው አይከብድም። የእናንተን ስህተት ለመፈለግ ገንዘብ የሚከፈለው ሌላ ባለሙያ ሁልጊዜ ከፊታችሁ አለ። ደንበኛ የሚመጣው ሲፋታ፣ ሲከሰስ፣ ሲከስር ነው። የይግባኝ ቀን በአንድ ቀን ካለፈ ደግሞ የሰው መብት አብሮ ሊያልፍ ይችላል። ከሰው ጋር ስትጋጩ ሌሊቱን የማትተኙ ከሆነ ሕግ ውስጥ ረጋ ያሉ ቦታዎች አሉ፤ ውል ዝግጅት፣ የሕግ ረቂቅ፣ የግብር ምክር። ክርክር ያለበትን ቦታ ግን አትምረጡ።

7. ኮምፒዩተሩ ምን ይተውላችኋል?

በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ሁለት ጠበቆች ቻትጂፒቲ በተባለ ጽሑፍ የሚያመነጭ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ታግዘው የጻፉትን ማመልከቻ ለፍርድ ቤት አስገቡ። የጠቀሷቸው ውሳኔዎች ግን ጨርሶ የሌሉ፣ ፕሮግራሙ የፈጠራቸው ነበሩ። 5,000 ዶላር ተቀጡ። ማሽኑ ጻፈው ማለት አላዳናቸውም፤ የፈረሙት እነሱ ናቸው።

ኃላፊነቱ የፈራሚው ሆኖ ይቀጥላል። እየሳሳ ያለው የጀማሪው ሥራ ነው። ሰነድ መለየት፣ ቀዳሚ ውሳኔ መፈለግ፣ የመጀመሪያ ረቂቅ መጻፍ። አዲስ ተመራቂ ሙያውን የሚማረው ግን በእነዚሁ ነው። ስለዚህ የምታነጋግሯቸውን ጠበቆች "ከሦስት ዓመት በፊት ለጀማሪ ትሰጡት የነበረው ሥራ ዛሬ ማን ይሠራዋል?" በሏቸው። የሚመልሱት ከማንኛውም ትንበያ ይሻላል።

8. ጎን ያሉትን በሮች አንኳኩ

የሕግ አስተሳሰብ የሚስባችሁ ግን የሂሳቡ ውጤት ያስደነገጣችሁ ከሆነ ሌላም መንገድ አለ። የሕግ ረዳት፣ የውል አስተዳደር፣ የደንብ ተገዢነት ክትትል (ድርጅት ሕግና ደንብ ማክበሩን ማየት)፣ ሽምግልና፣ የሕግ ትርጉም። ብዙዎቹ የጥብቅና ፈቃድ አይጠይቁም። ለጥቂት ጊዜ የሕግ ረዳት ሆኖ መሥራት በተለይ ጥሩ ነው። እየተከፈላችሁ ታያላችሁ።

9. ቀን ቆርጣችሁ ወስኑ

ይህ ሁሉ ምርመራ ለዓመታት መንጠልጠያ እንዳይሆን ቀን ቁረጡ። ከዚያ ቀን በፊት ሁለት ዓይነት ቅድመ ሁኔታ ጻፉ።

አንደኛው የመግቢያ ነው፦ "ከዚህ በላይ ሳልበደር፣ መሃል ላይ ያለው ተመራቂ ቢያንስ ይህን ያህል የሚያገኝበት ትምህርት ቤት ከተቀበለኝ እገባለሁ። ካልሆነ በሚቀጥለው ዓመት እሞክራለሁ ወይም እተወዋለሁ።" ባዶዎቹን በቁጥር ሙሉ።

ሁለተኛው የመውጫ ነው። ብዙ ሰው ይህን አይጽፍም። ከአንደኛው ዓመት በኋላ ምን ቢሆን ትወጣላችሁ? ውጤታችሁ ከምን ቢያንስ? የንባቡ ሥራ በየቀኑ ካስጠላችሁ? የነፃ ትምህርት ዕድሉ ከተነጠቀባችሁ? አሁን፣ ሆዳችሁ ሳይባባ ጻፉት፤ አንድ ዓመት የከፈለ ሰው "እዚህ ድረስ መጥቼ…" ማለት ይጀምራልና። ወረቀቱን ለሚወዳችሁ ግን ለማያባብላችሁ ሰው ስጡትና የዓመቱ መጨረሻ ላይ እንዲያነብላችሁ ንገሩት።